የፓይተን ሞጁል ዲፔንደንሲ ማደስና በዊንዶውስ፣ በሊነክስና በማክ እኩል ማስኬድ፦ ዝርዝር መመሪያ

አራት ኪሎ ኡቡንቱ ላይ ያለ ችግር ሲሠራ የከረመ ሞጁል ሜክሲኮ አካባቢ ባለ የሒሳብ ክፍል ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ከወደቀ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ስሌቱ ውስጥ አይደለም። ኮዱ ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፦ ፋይል ሲነበብ፣ ሰዓት ሲጠየቅ፣ የፋይል ስም ሲወጣ፣ ፓኬጅ ሲወርድ። ዲፔንደንሲ (ሞጁሉ የሚደገፍበትን የሌላ ሰው ላይብረሪ) ስናድስ የምንነካካው እነዚሁኑ ቦታዎች ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ ላይብረሪዎቹን እናድስ፣ ዊንዶውሱን በኋላ እናያለን» የሚለው አሠራር አያዋጣም።

ለምሳሌ የምንይዘው አንድ ትንሽ ኦፕን ሶርስ ሞጁል ነው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ ይቀይራል፣ የአማርኛ ሲኤስቪ (በነጠላ ሰረዝ የተለየ የሠንጠረዥ ፋይል) ያነባል፣ ሪፖርት ይጽፋል። ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ይተየባሉ።

1. ሳትነኩ ያለውን መዝግቡ

አዲስ ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየ የፓይተን ፎልደር፣ በአጭሩ ቬንቭ) ፍጠሩ፦ «ፓይተን -ኤም ቬንቭ»፣ ከዚያ የፎልደሩ ስም። ኡቡንቱ 24.04 ላይ በሲስተሙ ፓይተን በቀጥታ ፒፕ ኢንስቶል (ፒፕ የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ ነው) ብትሉ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮመንት» ብሎ ይከለክላችኋል። ክልከላውን አልፎ የሚያስጭን አማራጭ አለ፤ አትጠቀሙበት። የኡቡንቱ የራሱ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚያው ፓይተን ነው።

ሞጁሉን በኢንቫይሮመንቱ ውስጥ ጫኑና ሦስት ነገር አድርጉ። «ፒፕ ፍሪዝ» የሚሰጣችሁን ዝርዝር በፋይል አስቀምጡ፤ ነገር ሲበላሽ የምትመለሱት ወደዚህ ዝርዝር ነው። «ፒፕ ቼክ» ብላችሁ የተጋጩ ፓኬጆች ካሉ እዩ። ከዚያ የቴስት ማስኬጃውን ፓይቴስትን «-ደብሊው ኤረር::ዴፕሪኬሽንዋርኒንግ» በሚል አማራጭ አስኬዱት፤ በሚቀጥለው ቨርዥን ሊጠፋ የታሰበ ነገር ከተጠቀማችሁ ማስጠንቀቂያው ወደ ኤረር ይቀየራል። በተራው አሠራር ቴስቱ ቀይ ከሆነ አፕዴት አትጀምሩ። አሮጌው ስህተት ከአዲሱ ጋር ተቀላቅሎ የማን እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል።

2. የትኛውን ፓይተን እንደምትደግፉ ወስኑ

ይህ ውሳኔ ከሁሉም ዲፔንደንሲ ይቀድማል፤ የትኛውን ላይብረሪ እስከየት ማሳደግ እንደምትችሉ የሚወስነው እሱ ነው። ፓይተን 3.9 ድጋፉ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አብቅቷል፤ 3.10 እስከ ኦክቶበር 2026 የደኅንነት ማስተካከያ ያገኛል። ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው 3.10ን ሲሆን 24.04 ደግሞ 3.12ን ነው። ቢሮዎች ውስጥ እስካሁን የሚታየው ዊንዶውስ 7 ከ3.8 በላይ አይቀበልም፤ 8.1 ደግሞ 3.12 ላይ ይቆማል።

እኛ የምንመክረው ዝቅተኛውን 3.10 አድርጎ የሞጁሉ ቅንብር በሚጻፍበት በፓይፕሮጀክት ፋይል «ሪኳየርስ-ፓይተን» በሚለው መስመር መጻፍ ነው። የዊንዶውስ 7 ተጠቃሚ ተጥሎ አይቀርም፤ የሱ ፒፕ ይህን መስመር አንብቦ የድሮውን፣ ለሱ የሚስማማውን እትም ይጭንለታል። መስመሩን ከረሳችሁት ግን አዲሱን አውርዶ ሲንታክስ ኤረር ላይ ይወድቃል።

ላይኛውን ወሰን ግን አትዝጉ። «ከ3.14 በታች» ብላችሁ ብትጽፉ፣ 3.14 የጫነ ሰው ፒፑ ወደኋላ ሄዶ ያ ገደብ ያልተጻፈበትን አሮጌ እትም ፈልጎ ይጭንለታል። ስለ 3.14 ምንም የማያውቅ ኮድ እጁ ይገባል ማለት ነው።

ዝቅተኛውን ከፍ ስታደርጉ የምትሰርዙት ይበዛል። ከ3.9 ወዲህ የሰዓት ዞን የሚያሰላው ዞንኢንፎ ፓይተን ውስጥ ስላለ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ፓይቲዚ አያስፈልግም፤ ዝቅተኛችሁ 3.11 ከሆነ የቶምል ፋይል የሚያነበው ቶምሊም ይቀራል። «ባክፖርት» (አዲሱን ነገር ለአሮጌ ፓይተን የሚያመጣ ፓኬጅ) የሚል ስም ያለበትን ሁሉ አንድ በአንድ መርምሩ። የጠፋ ዲፔንደንሲ አፕዴት አይፈልግም።

3. አንድ ዲፔንደንሲ፣ አንድ ኮሚት

«ፒፕ ሊስት --አውትዴትድ» የቆዩትን ይዘረዝርላችኋል። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ማሳደግ ያጓጓል፤ ቴስቱ ሲወድቅ ግን ከአሥራ አምስት ፓኬጅ የትኛው እንደሆነ ስትፈልጉ ቀኑ ይመሻል። ብራንች (የኮዱን ቅርንጫፍ) ክፈቱ፣ አንዱን አሳድጉ፣ ቴስት አስኬዱ፣ ኮሚት አድርጉ (ለውጡን መዝግቡ)፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። በቅድሚያ የልማት መሣሪያዎችን፣ ቀጥሎ የቨርዥናቸው የመጨረሻ ቁጥር ብቻ የተቀየረውን፣ በመጨረሻ የፊተኛው ቁጥር የተቀየረውን። የመጨረሻዎቹን ከማሳደጋችሁ በፊት የለውጥ ማስታወሻቸውን አንብቡ። ከዚህ ቅደም ተከተል የሚያስወጣ አንድ ነገር አለ፦ «ፒፕ-ኦዲት» የታወቀ የደኅንነት ቀዳዳ ያገኘበት ፓኬጅ ተራ አይጠብቅም።

የፊተኛው ቁጥር ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ቲዚዳታ (የሰዓት ዞን ዳታ) እና ሰርቲፋይ (የታመኑ ሰርተፊኬቶች ዝርዝር) የሚቆጠሩት በዓመት ነው፤ ቁጥራቸው ጥር በገባ ቁጥር ይዘላል፣ የተሰበረ ነገር ግን የለም። እነዚህን ሁለቱን በፍጹም በአንድ ቁጥር አትቆልፏቸው፤ ጥቅማቸው ወቅታዊ መሆናቸው ነው።

ሞጁል ሌላ ሰው ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ነገር ስለሆነ ዲፔንደንሲዎቹን በእኩል ምልክት መቆለፍ የሌላውን ሥራ ያሰናክላል። ሁለት ሞጁሎች አንዱን ላይብረሪ በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ቢቆልፉ አብረው ሊጫኑ አይችሉም። በፓይፕሮጀክት ፋይላችሁ ዝቅተኛውን ብቻ ጻፉ፤ የተቆለፈውን ዝርዝር ለራሳችሁ ልማት በሌላ ፋይል ያዙ። የጻፋችሁት ዝቅተኛ ደግሞ እውነት መሆን አለበት። ብዙ ሞጁሎች «ከ2.0 ጀምሮ» ብለው ጽፈው በ2.6 የመጣ ፋንክሽን ይጠራሉ። ማረጋገጫው ዩቪ የተባለው የፓኬጅ መሣሪያ ትእዛዝ «ዩቪ ፒፕ ኮምፓይል --ሬዞሉሽን ሎወስት-ዳይሬክት» ነው፤ የቀጥታ ዲፔንደንሲዎቻችሁን ዝቅተኛ ቁጥር መርጦ ይሰጣችኋል፣ በዚያ ላይ ቴስቱን ታስኬዳላችሁ።

ያልተጻፉ ዲፔንደንሲዎችም አሉ። ፓይተን 3.12 ዲስትዩቲልስን (የድሮውን የፓኬጅ መገንቢያ) ከነጭራሹ አስወግዷል፤ ቬንቭ ሲፈጠርም ሴታፕቱልስን አብሮ መጫን አቁሟል። ከሴታፕቱልስ ጋር ይመጣ የነበረውን «ፒኬጂ_ሪሶርስስ»ን የሚጠራ ኮድ በ3.11 ሠርቶ በ3.12 «ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር» የሚለው ለዚህ ነው። ሪፖው (የፕሮጀክቱ የኮድ ማከማቻ) ውስጥ ዲስትዩቲልስና ፒኬጂ_ሪሶርስስ የሚሉትን ሁለቱን ስሞች ፈልጉ። የዳታ ፋይል ለማንበብ ኢምፖርትሊብ ሪሶርስስን፣ ቨርዥን ለማወቅ ኢምፖርትሊብ ሜታዳታን ተኩ። 3.13 ደግሞ ሲጂአይንና ቴልኔትሊብን ጨምሮ ሌሎች አሮጌ ሞጁሎችን አውጥቷል።

4. ለዊንዶውስ የተዘጋጀ ዊል መኖሩን እዩ

በሲ የተጻፈ ክፍል ያለው ላይብረሪ አዲስ ቨርዥን ሲያወጣ ለሁሉም ሲስተም ዊል (ተገንብቶ ያለቀ፣ በቀጥታ የሚጫን ፓኬጅ) ላይኖረው ይችላል። ከሌለው ፒፕ ሶርሱን አውርዶ ለመገንባት ይሞክራል፣ የቢሮው ኮምፒውተር ኮምፓይለር ስለሌለው «ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ++ 14.0 ያስፈልጋል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ተጠቃሚው ሞጁላችሁ እንደተበላሸ ነው የሚያስበው።

ዊንዶውስ ባይኖራችሁም ከሊነክስ ማየት ይቻላል፦ «ፒፕ ዳውንሎድ --ኦንሊ-ባይነሪ=:ኦል: --ፕላትፎርም ዊን_ኤኤምዲ64 --ፓይተን-ቨርዥን 3.12» ብላችሁ የሞጁሉን ስም ጨምሩ። ዊል የሌለው ካለ እዚሁ ይወድቃል ወይም ዊል ያለውን የድሮ ቨርዥን ያወርዳል። ለዚያ ቨርዥን ዊል እስኪወጣ የድሮውን ይዛችሁ ጠብቁ፤ ምንም አይቀርባችሁም።

ይኸው ትእዛዝ ሌላም ሥራ ይሠራል። በሞባይል ዳታ ጥቅል ለሚሠራ ቢሮ ፓኬጆቹን አንዴ አውርዳችሁ በፍላሽ መውሰድ ትችላላችሁ፤ እዚያ ሲደረስ «ፒፕ ኢንስቶል --ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ» ብላችሁ የፍላሹን ፎልደር ትሰጣላችሁ። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ «ለዊንዶውስ ብቻ» ተብለው የተጻፉ ዲፔንደንሲዎች ከሊነክስ ሲወርዱ ይዘለላሉ። ፕላትፎርም የሚለው አማራጭ ዊሉን ይመርጣል እንጂ «ለዊንዶውስ ብቻ» የሚለው ሁኔታ የሚመዘነው ትእዛዙ በሚሮጥበት ማሽን ነው። እንዲህ ያሉትን በስማቸው ጠርታችሁ ለብቻ አውርዱ። ኢንተርኔት የሌለበት ቢሮ ደርሳችሁ አንድ ዊል ጎድሎ መገኘት ያናድዳል።

5. ሰዓት

ዞንኢንፎ የሰዓት ዞን ዳታውን የሚያነበው ከሲስተሙ ነው። ሊነክስና ማክ አላቸው። ዊንዶውስ በዚህ መልክ የተዘጋጀ የለውም፤ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ብላችሁ ስትጠሩ «ዞንኢንፎ ኖት ፋውንድ ኤረር» ይመጣል። መፍትሔው ቲዚዳታን ዲፔንደንሲ ማድረግ ነው። ለዊንዶውስ ብቻ ልታደርጉት ካሰባችሁ ሁኔታው «ሲስ_ፕላትፎርም == ዊን32» ነው፤ ማሽኑ 64 ቢት ቢሆንም 32 ተብሎ ነው የሚጻፈው። በእኛ ግምት ያለ ሁኔታ ለሁሉም መጨመሩ ይሻላል። ቀላል ፓኬጅ ናት፣ ከላይ ያነሳነውን የፍላሽ ችግርም ታስቀራለች።

ከፓይቲዚ ስትወጡ የድሮውን ስህተት አብራችሁ ፈልጉ። የፓይቲዚን ዞን በቀጥታ «ቲዚኢንፎ» ላይ የሰጠ ኮድ ካለ፣ የአዲስ አበባ ልዩነት 3 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ሆኖ ይወጣል። በዞኑ ዳታ ውስጥ አዲስ አበባ ከናይሮቢ ጋር የተያያዘች ናት፤ ፓይቲዚ ደግሞ ልዩነቱን ካላስተካከላችሁለት መጀመሪያ የተመዘገበውን የናይሮቢ የፀሐይ ሰዓት ይወስዳል። በዞንኢንፎ ይህ የለም። ግን በአሮጌው ኮድ ተቀምጦ የቆየ መረጃ ካለ የ33 ደቂቃ ስህተት እንደያዘ ነው።

ዞን ያልተሰጠው «ዴትታይም ናው» ደግሞ ሰርቨር ላይ የሚወድቀው በሌሊት ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከሆነ፣ እኛ ጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ቀኑ ገና የትናንት ነው። ቴስት ስትጽፉ በዚህ ክልል ያለ አንድ ሰዓት አስገቡ፤ አብራችሁም የዘመን መለወጫ ድንበሮችን፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11፣ 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2024።

ቀን በጽሑፍ ስታወጡ ፊት ያለውን ዜሮ ለማስቀረት በሊነክስና በማክ የሚሠራው ሰረዝ ያለበት የስትሬፍታይም (ቀንን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፋንክሽን) ምልክት ዊንዶውስ ላይ ኤረር ነው። ቁጥሩን በቀጥታ ከ«ዴይ» ውሰዱት፣ ይገላግላችኋል።

6. የግእዝ ፊደልና ኢንኮዲንግ

«ኦፕን» ስትሉ ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበትን ሥርዓት) ካልነገራችሁት ፓይተን የሲስተሙን ይወስዳል። ሊነክስና ማክ ዩቲኤፍ-8 ይሰጡታል። በእንግሊዝኛ የተዋቀረ ዊንዶውስ ሲፒ1252 ይሰጠዋል፤ በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድም የግእዝ ፊደል የለም። ሲጽፍ ወዲያው «ዩኒኮድ ኢንኮድ ኤረር» ብሎ ይቆማል፤ ይህ የሚታይ ስለሆነ ቀላል ነው። ሲያነብ ያለው ነው ክፉው።

በዩቲኤፍ-8 አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሲፒ1252 እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። ከ256 ቦታዎቹ አምስቱ ባዶ ናቸው፦ 81፣ 8ዲ፣ 8ኤፍ፣ 90 እና 9ዲ። ፓይተን ባዶው ላይ ከደረሰ ይወድቃል፣ ካልደረሰ ዝም ብሎ ያልፋል። «ሀገር» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ዘጠኙም ባይቶች ቦታ ስላላቸው ያለ አንዳች ኤረር ዘጠኝ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። «ሰላም» ግን ይወድቃል፤ የ«ም» ሦስተኛ ባይት 9ዲ ነው። «ል» በ8ዲ፣ «ሁ» በ81፣ «ሐ» በ90 ይወድቃሉ። የፀ፣ የፈና የፐ ቤቶች፣ አራት ነጥብና የግእዝ ቁጥሮች በሙሉ ሁለተኛው ባይታቸው 8ዲ ስለሆነ ያው ናቸው። «አንዳንድ ፋይል ይከፈታል፣ አንዳንዱ አይከፈትም» የሚል ቅሬታ ከደረሳችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። የተከፈተው ፋይልም ደኅና አይደለም።

ስለዚህ ፋይል በሚነካ መስመር ሁሉ ላይ «ኢንኮዲንግ=ዩቲኤፍ-8» ጻፉ፦ ኦፕን፣ ሪድ_ቴክስት፣ ራይት_ቴክስት፣ ሌላ ፕሮግራም የሚጠራው ሳብፕሮሰስም ሳይቀር። የረሳችሁትን በዓይን አትፈልጉ፤ ከ3.10 ጀምሮ «ፓይተን -ኤክስ ዋርን_ዲፎልት_ኢንኮዲንግ» ኢንኮዲንግ ያልተሰጠበትን መስመር ሁሉ ይጠቁማችኋል። ከ3.15 ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 በራሱ መነሻ ይሆናል፤ ዝቅተኛችሁ 3.10 እስከሆነ ድረስ ግን አይጠቅማችሁም። በቴስት ፋይላችሁ ዝም ብሎ የሚያልፈውንም የሚወድቀውንም ቃል አብራችሁ አስገቡ፦ «ሀገር ሰላም ፍቅር ፲፪።» ይበቃል። ሲከፈት ማየት ብቻ አይበቃም፤ የተነበበው ከተጻፈው ጋር እኩል መሆኑን አረጋግጡ።

ኤክሴል ሌላ ጣጣ አለው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ሲኤስቪውን ሁለቴ ክሊክ አድርጋ ስትከፍተው አማርኛው እንዲነበብ ፋይሉ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» (መጀመሪያው ላይ የማይታይ መለያ ምልክት ያለው ዩቲኤፍ-8) ተብሎ መጻፍ አለበት። እሷ አስተካክላ ስትመልሰው ደግሞ በዚያው ካላነበባችሁት የመጀመሪያው ዓምድ ስም ፊት የማይታይ ምልክት ይለጠፋል። «ስም» የሚለው ዓምድ ዓይናችሁ እያየው «ኪ ኤረር፦ ስም» የሚል መልስ ይመጣል። ሲኤስቪ ለመጻፍ ስትከፍቱ «ኒውላይን» ባዶ ይሁን፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ላይ በየረድፉ መካከል ባዶ መስመር ይገባል።

የዊንዶውስ ተርሚናል ከ3.6 ወዲህ ዩኒኮድ በቀጥታ ይቀበላል፤ ውጤቱን በቀስት ወደ ፋይል ስትመልሱት ግን ወደ ሲፒ1252 ይመለሳል። «ፓይተንዩቲኤፍ8=1» የሚለው የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ያስተካክለዋል። ስክሪኑ ላይ አራት ማዕዘን ሳጥኖች ብቻ ከታዩ ግን ኢንኮዲንግ አትነካኩ፤ የጎደለው ፎንት ነው፣ ጽሑፉ ደኅና ነው።

7. የፋይል ስም

ሊነክስ ላይ የአንድ ፋይል ስም እስከ 255 ባይት ነው። ግእዝ በሦስት ሲካፈል 85 ፊደል ይሆናል፤ «የ2017 በጀት ዓመት የሁለተኛ ሩብ ዓመት…» እያለ የሚሄድ የመሥሪያ ቤት ርዕስ ሳይታሰብ ይሞላዋል። ዊንዶውስ በባይት አይቆጥርም፤ በተለመደው ቅንብሩ ግን ሙሉው አድራሻ 260 ላይ ይታገዳል። ስሙን ራሳችሁ ወደ 60 ፊደል ብትቆርጡት በሁለቱም አትቸገሩም።

ሰዓት በፋይል ስም ውስጥ ስታስገቡ የላቲን ሁለት ነጥብ አትጠቀሙ። ዊንዶውስ ላይ «ሪፖርት 3:30» ብላችሁ ብትጽፉ ኤረር ላይመጣ ይችላል፤ «ሪፖርት 3» የሚባል ባዶ የሚመስል ፋይል ይፈጠርና ይዘቱ ከኋላው በተደበቀ ቦታ ይቀመጣል። የግእዙ «፡» ይፈቀዳል፤ ሰረዝ ግን ለሁሉም ይቀላል።

ፋይል ስትተኩ «ኦኤስ ሪኔም» ሳይሆን «ኦኤስ ሪፕሌስ» ይሁን፤ የመጀመሪያው ዊንዶውስ ላይ ስሙ ካለ እምቢ ይላል። የዳታ ፋይሎቻችሁን ስም በትንንሽ ፊደል ብቻ ጻፉ፤ ዊንዶውስና ማክ ትልቅና ትንሽ አይለዩም፣ ሊነክስ ይለያል። ሪፖው ሥር «ዶት-ጊትአትሪቢውትስ» ፋይል ፍጠሩና የሼል ስክሪፕቶች የመስመር መጨረሻ ሁልጊዜ ኤልኤፍ (የሊነክሱ የመስመር መጨረሻ ምልክት) እንዲሆን እዘዙ። ዊንዶውስ ላይ ተከፍቶ የተመለሰ ስክሪፕት ሊነክስ ላይ «ባድ ኢንተርፕሪተር» የሚለው በማይታይ አንድ ባይት ነው።

8. በሦስቱም ላይ የሚፈትን ሲአይ

ሲአይ ማለት ኮዱን በየለውጡ በራሱ የሚፈትን አሠራር ነው። ጊትሃብ አክሽንስ ለሕዝብ ክፍት ለሆነ ሪፖ መደበኛ ማሽኖቹን በነፃ ይሰጣል። ሦስቱን ሲስተም ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው ፓይተን ጋር አጣምሩ፤ ስድስት ሩጫ ይሆናል፣ መካከለኞቹን መፈተን ብዙም አይጨምርም። «ፌይል-ፋስት»ን ፎልስ አድርጉ፣ አለዚያ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ይቋረጡና ችግሩ የዊንዶውስ ብቻ መሆኑን አታውቁም። በሰባተኛነት ከላይ ያየነውን የዝቅተኛ ቁጥሮች ሩጫ ጨምሩ።

ሳምንታዊ ሩጫም ያስፈልጋል፤ እናንተ ኮድ ባትነኩም ዲፔንደንሲዎቹ ይቀየራሉ። ሰዓቱ በዩቲሲ ነው የሚጻፈው፦ ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንዲሮጥ ከፈለጋችሁ 5 ብላችሁ ጻፉ። ሪፖው 60 ቀን ያለ እንቅስቃሴ ከቆየ ጊትሃብ ይህን ሩጫ ያጠፋዋል፣ መልሳችሁ ማብራት ይኖርባችኋል።

9. መልቀቅ

«ፓይተን -ኤም ቢልድ» ብላችሁ የወጣውን ዊል ከፕሮጀክቱ ፎልደር ውጭ፣ በአዲስ ቬንቭ ጫኑት። ፎልደሩ ውስጥ ሆናችሁ ብትሞክሩ ፓይተን ሶርሱን ሊያነብ ይችላል፤ የወራት ስም የያዘው ጄሰን ፋይል ዊሉ ውስጥ አለመግባቱ የሚታወቀው ተጠቃሚው ጋ ከደረሰ በኋላ ነው።

የፊተኛ ቁጥር ያደገበት ዲፔንደንሲ ካለ መጀመሪያ በአርሲ (የመጨረሻ ሙከራ እትም) ቁጥር ልቀቁት። ፒፕ «--ፕሪ» ካልተባለ በስተቀር የተረጋጋውን እትም ስለሚመርጥ ሌላውን ሰው አያስቸግርም። ዊንዶውስ የሚጠቀም አንድ ሰው በራሱ የአማርኛ ፋይል እንዲሞክረው ጠይቁ። በለውጥ ማስታወሻው ላይ ዝቅተኛው ፓይተን መቀየሩን በመጀመሪያው መስመር አስቀምጡ።

የተበላሸ እትም ከወጣ ፓይፒአይ (ፒፕ ፓኬጅ የሚያወርድበት ማከማቻ) ላይ «ያንክ» አድርጉት እንጂ አትሰርዙት። ያንክ የተደረገውን ፒፕ ለአዲስ ተጠቃሚ አይመርጥም፣ በቁጥሩ የቆለፈው ግን ሥራው አይቆምበትም። አንዴ ወደ ፓይፒአይ የተሰቀለ የፋይል ስም ቢሰረዝ እንኳ ዳግም ስለማይፈቀድ ማስተካከያው በአዲስ ቁጥር ነው የሚወጣው፦ 2.4.0 ከተበላሸ 2.4.1።